መጽሐፍን አንብቦ ስለ መመስከር
(በነቀምቴ ከተማ ለሕዝብ የተደረገ ትምህርታዊ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የመጽሐፍ ኂስ ለደራሲና ለአንባቢ ስላለው ጥቅም ነው። ይህ ርእስ በሌላ ከተማ ተሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1665 በፓሪስ መታተም ከጀመረውና አዳዲስ መጻሕፍትን እየመረመረ ለአንባቢዎቹ ያስታውቅ ከነበረው የሊቃውንት መጽሔት ተነሥቼ፣ የአውሮፓን ሐያስያን ስም እየቆጠርሁ መውረድ በቻልሁ ነበር። ነገር ግን በነቀምቴ ቆሞ ስለ መጽሐፍ የሚናገር ሰው፣ በዚሁ ከተማ ዕድሜውን የፈጸመውን የአናሲሞስ ነሲብን ሥራ ሳያነሣ ቢያልፍ አድማጮቹ እንደሚታዘቡት ስለማውቅ፣ መነሻዬን ከዚያ አደርጋለሁ።

አናሲሞስ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ምድር ተነጥቆ፣ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ከደረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻነቱን አግኝቶ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። በኦሮምኛ የተረጐመው ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 እዚያው ምንኩሉ ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር፣ በባዝል ከተማ አጠገብ በምትገኘው በቅድስት ክሪሾና ተፈጸመ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ማለትም በ1894፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ወጣ። አስቴርም እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣች፣ ቋንቋውን ከነለዛው ጠብቃ የያዘች ሴት ስትሆን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በጆሮዋ የቀሩትን ተረቶች፣ ዘፈኖችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች በቃሏ እያወጣች በጽሑፍ ያሰፈረች እርሷ ናት። ድርሻዋ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረው ከእርሱ ስም በታች ነው፤ ይህም አንድ ጠንቃቃ ሐያሲ ገና በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነበር።

እንግዲህ ይህን ነገር በልቡናችን እናስተውለው። መጻሕፍቱን ያዘጋጁት ሰዎች ከአገራቸው ተነጥቀው በባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ነበሩ፤ የታሰቡት አንባቢዎች ደግሞ የሚገኙት በምዕራብ፣ በዚህ በእኛ ደጋና ቆላ ነበር። ማንኛውም ደራሲ የማያየውን አንባቢ እያሰበ መጻፉ የታወቀ ቢሆንም፣ እነርሱ ግን አንድ ቃል በለቃ እንዴት እንደሚነገር፣ በነጆና በቦጂስ ያው ቃል ሌላ ትርጉም ይሰጥ እንደሆነ፣ ከልጅነት ትዝታቸውና በዙሪያቸው ከነበሩት እንደ እነርሱ ነጻ ከወጡ ጥቂት ሰዎች በቀር የሚጠይቁት አልነበራቸውም። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ከታተመ በኋላ አናሲሞስ ወደ ወለጋ እስከ ተመለሰበት እስከ 1904 ድረስ አምስት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት አንድ የወለጋ አንባቢ፣ «ይህ ቃል በእኛ አገር እንዲህ አይባልም፤ ይህ ተረት በእኛ ቤት ፍጻሜው ሌላ ነው፤ ይህኛው ምዕራፍ ግን እናቴ የምትናገረውን ያህል ጣፈጠኝ» የሚል አንድ ገጽ ጽፎ ቢልክለት ኖሮ፣ ያን ገጽ ምን ያህል ደጋግሞ ባነበበው ነበር ብዬ አስባለሁ። ደራሲ ከኂስ የሚያገኘው የመጀመሪያው ጥቅም ይኸው ነው፤ ከእርሱ ዓይንና ጆሮ ርቆ ያለውን አንባቢ በቃሉ ማግኘት።

ከአናሲሞስ በፊት የጀርመኑ ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ፣ የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በጻፉት በደብተራ ዘነብ ረዳትነት የኦሮምኛ ሐዲስ ኪዳን አዘጋጅቶ አሳትሞ ነበር። አንድ ሰው ይህ እያለ ሥራውን እንደ ገና ከሥሩ ሲጀምር፣ መጀመሩ ራሱ በቀድሞው መጽሐፍ ላይ የተሰጠ ፍርድ መሆኑ አይካድም። በጽሑፍ የሚሰፍር ኂስ ከእንዲህ ያለው ዝምተኛ ፍርድ የሚለየው፣ ምክንያቱን ለሦስተኛ ሰው ማሳየቱ ነው። የት ገጽ ላይ ቃሉ እንደ ጠበበ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ለተናጋሪው ጆሮ እንደ ጐረበጠ ተጽፎ ሲቀመጥ፣ ከኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ካለፈው ሰው ስሕተት ይማራል፤ ካልተጻፈ ግን እያንዳንዱ ትውልድ በዚያው እንቅፋት ይመታል።

አናሲሞስ በተመለሰ ጊዜ የወለጋው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሉት፤ እርሱም በኦሮምኛ ማስተማርና መስበክ ጀመረ። የሚናገርበትን ቋንቋ የማያውቁት የአካባቢው ካህናት ግን ጥርጣሬ ስለ ገባቸው፣ ከሃይማኖቱም ልዩነት ጋር ተደምሮ ነገሩ ክስ ሆነና፣ እ.ኤ.አ. በ1906 አናሲሞስ በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ እንዲሰደድ ተፈረደበት። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ቢፈቅዱለትም፣ መስበኩን ግን ከለከሉት፤ ፈቃዱን መልሶ ያገኘው በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። ስለ ሃይማኖቱ ክርክር እዚህ ላይ ልፈርድ አልመጣሁም፤ እርሱ የሊቃውንቱ ጉዳይ ነው። እኔ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቋንቋው ሳይሰማ፣ ቃሉ በአደባባይ ሳይመረመር፣ ሰውየው ተፈረደበት።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር፣ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ የሆነ፣ ላያይዝ። በኢሉባቦር የተወለደው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1975 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ፣ መጽሐፉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ሕዝቡ ቅጂውን በስውር እየተዋዋሰ አነበበው እንጂ፣ በዚያን ጊዜ በጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ «እነሆ የታሪኩ አወቃቀር፣ እነሆ ብርታቱ፣ እነሆ ድክመቱ» ብሎ በግልጥ ሊከራከርበት የሚችል ሰው አልነበረም። እነዚህ ሁለት ነገሮች በዘመንም በጠባይም የተራራቁ ናቸው፤ የሚያስተምሩን ግን አንድ ነው። ኂስ በሌለበት አገር ፍርድ አይጠፋም፤ አንባቢው ያልያዘውን ፍርድ ባለሥልጣኑ ይይዘዋል፤ የባለሥልጣኑም ፍርድ ይግባኝ የለውም። መጥፎ ኂስ የጻፈን ሐያሲ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሐያሲ ይመልስለታል፤ ደራሲውም ራሱ ይመልስለታል፤ አንባቢውም ሁለቱን አነጻጽሮ የራሱን ይወስዳል። ስለዚህም ኂስን የደራሲ ጠላት አድርጎ የሚያይ ሰው ቢኖር፣ እኔ ከጠላት የሚጋርደው ጋሻ አድርጌ አየዋለሁ።

«ኂስ የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቅኔ ቤት ያደረ ሰው ይህን አይልም። ተማሪው ሌሊቱን ሲያውጠነጥን አድሮ የዘረፈውን ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ ይሁን እንጂ፣ በማለዳ በመምህሩ ፊት ተንበርክኮ ሲነግር፣ መምህሩ ዓይናቸውን ከድነው ያዳምጣሉ። ልኩ ከጐደለ፣ «ቤት አልመታም» ይላሉ፤ ሰሙ ከወርቁ ካልተገናኘ፣ የትኛው ቃል እንዳለያያቸው ነቅሰው ያሳያሉ፤ ያማረ እንደሆነ፣ ጓደኞቹ እየሰሙ «ይበል!» ይሉታል። ተማሪውም የታረመውን ይዞ ይመለሳል፤ ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ወደ ሚ በዝኁና ወደ ዋዜማ እየወጣ እስከ መወድስ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤትም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ንባብ በአንድ መንገድ ፈትቶ አይበቃውም፤ የሚቃወመውን ፍች ጭምር አጠገቡ አስቀምጦ፣ የቀደሙት መምህራን የተለያዩበትን ሳይደብቅ ለተማሪው ያስረክባል። በዚህ አገር በኦዳ ጥላ ሥር ሲዳኙና ሲመክሩ የኖሩት አባቶችም፣ የተናጋሪውን ቃል ክብደትና ለዛ መዝኖ መቀበልንና መመለስን ያውቃሉ። እንግዲህ የመመዘን ልማድ አልጐደለብንም። የጐደለብን የመዘንነውን ጽፎ፣ ስማችንን ከሥሩ አኑሮ፣ ሩቅ ላለው ሰው ማስተላለፍ ነው፤ የቅኔው መምህር እርማት ከጉባኤው ሳይወጣ እዚያው ይቀራልና።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ ወለጋ ራሷ ከአገራችን ታላላቅ ሐያስያን አንዱን እንዳፈራች ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በወለጋ፣ ጩታ በተባለው ስፍራ የተወለደው ሰሎሞን ደሬሳ እ.ኤ.አ. በ1969፣ «አዲስ ሪፖርተር» በተባለው መጽሔት ላይ ከገዳሙ አብርሃ ጋር ሆኖ፣ የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ያለ ርኅራኄ የሚመረምሩ ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። ጽሑፎቹ ደራሲን በማዕርጉ ሳይሆን በሥራው የሚመዝኑ፣ የሚያመሰግኑትንም ለምን እንደሚያመሰግኑት የሚያስረዱ ስለሆኑ፣ እስከ ዛሬ የአማርኛን ልብ ወለድ የሚያጠኑ ሰዎች ይጠቅሷቸዋል። ነገር ግን መጽሔቱ በእንግሊዝኛ የሚታተም ነበር። በዚያን ዘመን በጊምቢ በፋኖስ ብርሃን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያነብ የሚያድር ነጋዴ ወይም የአንደኛ ደረጃ መምህር፣ ከራሱ አውራጃ የወጣ ሰው ስለ አማርኛ መጻሕፍት የጻፈውን ለማንበብ እንግሊዝኛ ማወቅ ነበረበት። የሰሎሞንን ትጋት ሳላሳንስ፣ ይህ ያሳዝነኛል። ለምሁራን ብቻ የተጻፈ ኂስ ዋጋ የለውም አልልም፤ መጽሐፉን ገንዘቡን አውጥቶ የገዛው ሰው ግን ከውይይቱ ውጭ ቀርቷል።

ሰሎሞን በተራው ተመዘነ። «ልጅነት» የተባለው የግጥም መድበሉ በ1963 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ቤት መምታትንና የተለመደውን ምጣኔ ትቶ ስለ መጣ፣ «ይህ ግጥም አይደለም» የሚሉና «የአማርኛ ግጥም አዲስ በር ተከፈተለት» የሚሉ ሰዎች ተከራከሩበት። እኔ በበኩሌ ክርክሩ ለሁለቱም ወገን በጀ ባይ ነኝ፤ የተቃወሙት ሰዎች የቆየውን ግጥም ለምን እንደሚወዱት ምክንያት ለመፈለግ ተገደዱ፤ የወደዱትም መውደዳቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። በኋላ የተነሡት ገጣሚዎችም ቤት ሲመቱም ሆነ ሲተዉ አስበውበት ሆነ። ዝም ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ሆኖ በቀረ ነበር።

ስለ አንባቢው ጥቅም ደግሞ እንነጋገር። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ያለው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ደምቢ ዶሎም ከዚያ በኋላ ገና ብዙ ይቀራል። መጽሐፍ በዚህ መንገድ ተጭኖ ሲመጣ ዋጋው እየጨመረ፣ ምርጫውም እያነሰ ይመጣል። የነቀምቴ ሰው ቡና ሲገዛ ከጆንያው መካከል በመዳፉ ዝቆ፣ አሽትቶ፣ ፍሬውን በጥርሱ ሞክሮ ነው የሚስማማው፤ ያው ሰው መጽሐፍ ሲገዛ ግን የሽፋኑን ሥዕልና በጀርባው የተጻፈውን ምስጋና አይቶ ገንዘቡን ይከፍላል። በጀርባው ላይ ያለውን ምስጋና የጻፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ የደራሲው ወዳጆች ናቸው፤ በምርቃቱም ቀን የሚናገሩት እነርሱው ናቸው። በምርቃት ላይ መንቀፍ ነውር ስለሆነ አልወቅሳቸውም፤ ነገር ግን ምርቃት ኂስ አይደለም። በሬዲዮ ረገድ የቀደመው ትውልድ ከእኛ የተሻለ ዕድል ነበረው፤ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ፣ መጽሐፉን ሊገዙ ያልቻሉ፣ ፊደልም ያልቆጠሩ ሰዎች ጭምር በሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው ሰምተዋል። ያ ድምፅ መጽሐፉን ወደ ሕዝቡ አመጣ፤ የሕዝቡ አስተያየት ግን በምን ወደ ደራሲው እንደሚመለስ መንገድ አልተበጀለትም።

አንባቢ ከኂስ የሚፈልገው «ጥሩ ነው፣ ግዙት» ወይም «መጥፎ ነው፣ አትግዙት» የሚል ፍርድ ብቻ ከሆነ፣ ይህ በሁለት ቃል ያልቃል። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ከዚሁ ከወለጋ የወጡት፣ በመንግሥት ሥራ በሚኒስትርነት የታወቁት ይልማ ደሬሳ ስለ ዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ በአማርኛ መጽሐፍ ጽፈዋል። ይህን መጽሐፍ የሚሔስ ሰው፣ ደራሲው ታላቅ ሰው ናቸውና መጽሐፉም ታላቅ ነው ብሎ ቢጽፍ ለማንም አይረባም። መጀመሪያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያንብብ። ከዚያም፣ በዚያው ክፍለ ዘመን ማለቂያ ላይ የጋሞው ሰው አባ ባሕርይ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ የጻፉትን ድርሰት አጠገቡ ያስቀምጥ፤ መነኩሴው ከሸሹበት ቦታ ሆነው ያዩትንና፣ የወለጋው ሰው ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ከሌላው ወገን ቆመው ያዩትን ያስተያይ። ምን ማስረጃ እንደ ያዙ፣ ከየት እንደ ቀዱት፣ ምን ዝም ብለው እንዳለፉ ይጠይቅ። ገጽ ይጥቀስ። በማተሚያ ቤቱ የተሳሳተ ፊደልና የተዛባ ዓመተ ምሕረት ካገኘ ይናገር፤ ይህ ትንሽ መስሎ ለሚታየው ሰው፣ ለሁለተኛው እትም የሚዘጋጅ ደራሲ ከውዳሴው ሁሉ ይልቅ የሚፈልገው ይህንኑ እንደሆነ ልንገረው። በመጨረሻም ለማን እንደሚጠቅም ይበል፤ ለተማሪ ነውን? ለሽማግሌ ነውን? የታሪክ መሠረት ለሌለው ሰው ይከብዳልን?

የሚከለከለውም አለ። ደራሲው ከየት ተወለደ፣ የማን ወገን ነው፣ ከማን ጋር ተጣላ የሚል ጽሑፍ መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም፤ ሰውየው ላይ ነው የተጻፈው። በዘመናችን ይህ ደዌ እየበረታ መምጣቱን የማያይ የለም፤ መጽሐፍ ገና ሳይገለጥ የደራሲው ስም ብቻ ተነብቦ ሲወደስና ሲረገም እንሰማለን። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ከ1906ቱ ከሳሾች በምን እንደሚሻሉ እኔ አላውቅም፤ ምናልባት ካህናቱ ይሻሉ ይሆናል፤ እነርሱ ቢያንስ ነገሩን ቋንቋውን በማያውቁት ስብከት ላይ ነው ያነሡት፣ የዛሬዎቹ ግን የሚያውቁትን ቋንቋ ማንበብ እንቢ ያሉ ናቸው።

አሁን ደግሞ ይህች ከተማ ከሌሎች ከተሞች የምትበልጥበትን ነገር ልናገር። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ የሚኖር የተማረ ሰው ኦሮምኛንና አማርኛን አስተካክሎ ያነባል። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ቁቤ በተባለው ፊደል የሚታተሙ የኦሮምኛ መጻሕፍት በርክተዋል፤ «ጎዳኒሳ»ንና «ጉራቻ አባያ»ን የጻፈው ዳባ ወዬሳን የመሳሰሉ ደራስያን ለኦሮምኛ አንባቢ የታወቁ ናቸው፤ በጎንደር ወይም በደሴ ያለ የአማርኛ አንባቢ ግን ስማቸውን እንኳ አልሰማም። ያልሰማው ጠልቶ አይደለም፤ በሚያነበው ቋንቋ ስለ እነዚህ መጻሕፍት አንድ ገጽ የጻፈለት ስለሌለ ነው። በአማርኛ የወጣውን መጽሐፍ በኦሮምኛ መሔስ፣ በኦሮምኛ የወጣውንም በአማርኛ መሔስ የሚችል ሰው በብዛት የሚገኝበት ቦታ እዚህ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ከተማ ይገኛል፤ ወጣቶቹም አላችሁ። ሙሉ መጽሐፍ መተርጐም ዓመታት ይፈጃል፤ ጥሩ ኂስ ለመጻፍ ግን መጽሐፉን አንብቦ ለጨረሰ ሰው ሁለት ሌሊት ይበቃዋል።

«ጽፈን ማን ያነብልናል? ጋዜጣው አዲስ አበባ ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ የጥንት ሰው ልጥቀስላችሁ። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የቍስጥንጥንያ ፓትርያርክ የሆነው ፎትዮስ፣ ሃይማኖቱ ከእኛ አባቶች የተለየ ቢሆንም፣ በንባብ ወደር ያልነበረው ሰው ነው። ለመንግሥት መልእክት ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሣ፣ ወንድሙ ታራስዮስ ራሱ ታራስዮስ በሌለበት ስለ ተነበቡት መጻሕፍት እንዲጽፍለት ለመነው፤ ፎትዮስም ወደ 280 ስለሚጠጉ መጻሕፍት፣ የአንዱን ይዘት አሳጥሮ፣ የሌላውን አጻጻፍ ነቅፎ ወይም አመስግኖ፣ ጻፈለት። ጋዜጣ አልነበረውም፤ ማተሚያ ቤትም አልነበረውም፤ የጻፈው ለአንድ ወንድም ነበር። ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ ጠፍተዋል፤ ዛሬ ምን እንደ ነበረባቸው የምናውቀው ለታራስዮስ ከተጻፈው ነው።

ከእናንተ መካከል በቤጊ ወይም በደምቢ ዶሎ የሚያስተምር ወንድም፣ በአዲስ አበባ የምትሠራ እኅት፣ ወይም ሰሎሞን ደሬሳ ዕድሜውን በፈጸመባት በሚኒያፖሊስ የሚኖር ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። ለእርሱ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ፣ ከሰላምታውና ከቤተ ሰቡ ወሬ ቀጥሎ፣ በዚህ ወር ያነበባችሁትን አንድ መጽሐፍ ርእሱንና የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ያስደሰታችሁን ወይም ያስቀየማችሁን ገጽ ጨምሩበት፤ ቅጂውንም ለደራሲው ላኩለት፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ይገኛል። ሌላ ቅጂ በከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ ብትተዉ፣ ቀጥሎ የሚዋሰው ሰው ያገኘዋል፤ ያልተስማማ እንደሆነም ከሥሩ ይጻፍበት።